መተንፈሻ

መጀመሪያ ያየኋት በጥቅምት ማለዳ፣
አንዲት የሳንቲም ክብ፣ ኮንክሪቱ ሜዳ።
ወፍራም ናት፣ ዝልግልግ፤ ጎንበስ ብዬ ነካኋት፤
የተበላሸ እንቁላል ሸተተኝ፤ ጠላኋት።
የሞተሩ አይደለም፤ የሱስ ሽታው ሌላ፤
ይቺ የተንጠባጠበች ከወደ ኋላ፣
ከዚያ ዱባ መሳይ ሆዳም ብረት ሥር ነው፣
መኪና ሲታጠፍ አንዱን ጎማ አስቀድሞ
ሌላውን ታግሦ አብሮ ከሚያዞረው።

ፒክአፗን የሸጠልኝ ሰው ከብት አርቢ ነበር፤
የኮርማ ቀንድ ጭሮታል የቀኙን በር።
ሦስት መቶ ሺህ ኪሎሜትር ረግጣ ነው የመጣችልኝ፤
አልዋሸኝም። እኔም አልተከራከርኩም፤ ያኔ ደመወዝ ነበረኝ።

ብሩክስ ላይ ክረምት ቀጠሮ አያከብርም፤
ዛሬ ጃኬት ትጥላለህ፣ ነገ ጣትህ አይታጠፍም።
«ሳይጠና እንያዘው፤ ና መብራቱን ያዝልኝ»
አልኩት ልጄን ኖላዊን፤ እሱም ዝም አለኝ።
ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዝምታው አይገርምም፤
ባትሪውን አበራ፤ ፊቱን ግን አላየሁም።

ጎረቤታችን ኦሬስት ጋራዡን ከፈተ፣
ትራክተር ሲጠግን ጆሮው የሞተ፣
ሰማንያ ሊሞላው ሦስት ወር የቀረው።
እኔ «ኩሽኔታ» ስል እሱ በራሱ ቃል ይጠራዋል፤
የዛገው ብሎን ለሁለታችን እኩል እምቢ ይላል።

ሽፋኑን ፈታነው፤ አሮጌው ዘይት ወረደ፣
አተላ መስሎ፣ ባልዲው ውስጥ ከበደ።
ጥርሶቹ ደህና ናቸው፤ አልተሸረፈም አንዱም።
ዘንጉን ነቅለን ጎሚኒ ለወጥን፤ ዋጋው ሃያ ዶላር አይሞላም።
ዐሥር ቀን ደረቀች።
በዐሥራ አንደኛው ያቺው ሳንቲም፣ ያቺው ሽታ።
ደግመን ፈታን፣ ደግመን ገዛን፤ ደግማ አነባች ማታ።

ኦሬስት በርጩማው ላይ አገጩን እያሸ
«ጎሚኒውን ተወው» አለኝ። «ትተነፍሳለች ወይ?»
ለካ፣ አልኩ በልቤ፣ ሰውየው አርጅቷል።

አንዲት ቀጭን ቱቦ አለች፣ ከአክስሉ በላይ የተሸጎጠች፣
የገለባ ያህል፣ ለአየር የተሠራች።
ዘይቱ ሲሞቅ አየሩ ያብጣል፤ መውጫው እሷ ናት፤
እሷ ከተደፈነች፣ የግፊቱ ጉልበት
የደከመ ከንፈር ፈልጎ ይወጣል፤
አዲስ ጎሚኒ ቢሆን ምን ይመልሰዋል?

በሽቦ ቆረቆርኳት። ጭቃ ወጣ፣ ደረቅ፣
ግራጫ፣ ሰማያዊ ቢጤ፣ እንደ ዱቄት ድቅቅ።
የመንገድ አፈር አይደለም። ይህን አፈር አውቃለሁ፤
የመስኖውን ቦይ ሲጠርጉ፣ ዳር ተከምሮ አይቻለሁ።

መብራቱ ተንቀጠቀጠ።
«ከቦዩ ነው» አለ ኖላዊ።
«ሰኔ ላይ፣ በሌሊት፣ ከነሪድ ጋር ተወራርደን
ነዳሁባት፤ ውሃው በሩን አለፈ፤ በመከራ ወጣን።
ሳይነጋ አጠብኳት፣ ሳንቲም የሚበላው ማጠቢያ ወስጄ።
ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ካርቶን አነጥፋለሁ ከሥሯ፤
አንተ ሳትነሣ አነሣዋለሁ።
ያን ቀን እንቅልፍ ጣለኝ።»

አምስት ወር ሙሉ ልጄ ትንፍሽ አላለም።
ልቆጣ ፈለግሁ፤ ቁጣው ግን አልደረሰም፤
ቱቦዋን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ነፋሁ፣ እፍ፤
ጭቃና ድኝ ቀመስኩ። አየሩ ወዲያ ሲያልፍ
ኦሬስት እንኳ ሰማው፣ በዚያ በሞተ ጆሮው።

አዲስ ዘይት ሞላን፣ ከቀዳዳው እስኪተርፍ።

በበነጋው በረዶ ነበር። ኖላዊ ቀድሞኝ ወጥቶ
ቆሟል፣ ካርቶኑን በሁለት እጁ እንደ ደብዳቤ ዘርግቶ።
«ደረቅ ነው፣ አባዬ። ጠብታ የለበትም።»
ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከፋብሪካው የተሰጠኝ ወረቀት አለ፣
አራት ቦታ የታጠፈ፤
ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ትርሲትም አታውቅም።
«ደረቅ ነው» አልኩት።
ሌላ ትንፍሽ አላልኩም።